ልጁ በእጁ ከያዘው እንጀምር

ስለ ሠዓሊዋ ስለ ጄሲካ ፓርክ ሕይወትና ሥራ

(ይህ ጽሑፍ ለአጥቢያ አባላትና ለፕሮጀክት ሠራተኞች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



በዛሬው ዕለት ስለ አንዲት ሠዓሊ ልነግራችሁ እወዳለሁ። ሠዓሊዋ አሜሪካዊት ናት፤ ስሟም ጄሲካ ፓርክ ይባላል። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ኦቲዝም ከሚባለው ሁኔታ ጋር የኖረች ሰው ናት። ምናልባት ከመካከላችሁ «እኛ ምንጭ የምናጎለብት፣ ዘር የምናከፋፍል፣ ሕፃናት የምንረዳ ሰዎች ነን፤ የሩቅ አገር ሥዕል ምን ይረባናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ከሠዓሊዋ ሳይሆን ከራሴ ጥፋት እጀምራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እርዳታ የሚገባቸውን ቤተሰቦች ለመመዝገብ ከቤት ወደ ቤት እዞር ነበር። ወደ አንድ ቤት ገብቼ እናቲቱን «ስንት ልጆች አሉዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አራት» አሉኝ። አራት ብዬ ጻፍሁ። ልወጣ ስነሣ ከመጋረጃው ጀርባ ቆርቆሮ የሚንኳኳ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። መጋረጃውን ገለጥ ባደርግ፣ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ መሬት ላይ ተቀምጦ የለስላሳ ቆርኪ ይደረድራል። ቀዩን ከቀይ፣ ቢጫውን ከቢጫ ጋር እያደረገ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ ቀጥ ያለ መስመር ሠርቷል። «ማሙሽ፣ ደኅና ነህ?» አልሁት፤ ዞር ብሎም አላየኝ።

እዚያ ላይ ሁለት ጥፋት ሠራሁ። አንደኛው፣ ወደ ልጁ ስጠጋ መስመሩን በጫማዬ በተንሁት፤ ልጁም ጭንቅላቱን ከግድግዳው ጋር እያጋጨ ይጮኽ ጀመር። ሁለተኛው ግን ከዚህ ይብሳል። ወደ እናቲቱ ዞሬ «በእርግዝናዎ ጊዜ ምን ሆነው ነበር? ምን አድርገው ነው?» አልኋቸው። አንገታቸውን ደፉ፤ አንድም ቃል አልመለሱልኝም።

በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው የሚናገረውን ታሪክ ከአንድም ሁለት ጊዜ ሰብኬበታለሁ። ደቀ መዛሙርቱ ኃጢአቱ የማን እንደሆነ፣ የእርሱ ይሁን የወላጆቹ፣ እንደጠየቁ አውቃለሁ፤ ጌታም ጥያቄውን እንዳልተቀበለው አውቃለሁ። በዚያች ቤት ስቆም ግን ከአፌ የወጣው የደቀ መዛሙርቱ ጥያቄ ነበር። እንግዲህ የጄሲካ ፓርክ ታሪክ ልቤን የነካው በዚህ ምክንያት ነው፤ የእርሷም እናት ይኸው ጥያቄ ቀርቦባቸዋልና።

ኦቲዝም ምንድን ነው?

በቅድሚያ ስለ ሁኔታው በአጭሩ ላስረዳ። ኦቲዝም ከሕፃንነት ጀምሮ የሚታይ የአንጎል ዕድገት ልዩነት ነው። ተላላፊ በሽታ አይደለም። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ከሰው ጋር በሚግባባበት፣ የሌላውን ፊትና ስሜት በሚረዳበት፣ ድምፅንና ብርሃንን በሚቀበልበት መንገድ ከሌሎች ልጆች ይለያል። አንድን ነገር ደጋግሞ መሥራት ይወዳል፤ የለመደው ሥርዓት ሲናወጥበት እጅግ ይጨነቃል። አንዳንዱ ዕድሜውን ሙሉ በአፉ አይናገርም፤ ሌላው አቀላጥፎ ይናገራል፣ ትምህርቱንም እስከ ከፍተኛ ደረጃ ያደርሳል። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም።

ሁኔታውን ለይቶ በዚህ ስም የጻፈው ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም ነው። በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሲሠራ የተመለከታቸውን 11 ልጆች መሠረት አድርጎ በ1943 ጽሑፉን አወጣ። ዛሬ ከምክንያቶቹ መካከል የተፈጥሮ ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ይታወቃል። ይህ ማለት ግን እንደ ዓይን ቀለም፣ እንደ ቁመት ከተፈጥሮ የሚመጣ ነገር ነው ማለት እንጂ የቤተሰብ ነውር ነው ማለት አይደለም። የእናት አያያዝ ያመጣው አይደለም፤ የእርግማን ውጤትም አይደለም።

ሁለት መጻሕፍት በአንድ ዓመት

ጄሲካ በ1958 ተወለደች። ያደገችው በማሳቹሴትስ ግዛት ዊሊያምስታውን በምትባል ትንሽ የኮሌጅ ከተማ ነው። አባቷ ዴቪድ ፓርክ በዊሊያምስ ኮሌጅ የፊዚክስ መምህር ነበሩ። እናቷ ወይዘሮ ክላራ ክሌይቦርን ፓርክም የሥነ ጽሑፍ መምህርት ነበሩ። ከጄሲካ በፊት ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ወልደዋል፤ ሦስቱም እንደ ማንኛውም ልጅ ያደጉ ናቸው።

አራተኛዋ ግን ተለየች። ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላት በወለሉ ላይ አንዲት ነጥብ መርጣ በእጅና በጉልበቷ እየዳኸች ዙሪያዋን ትዞር ነበር። እየዞረች ትስቃለች፤ ቀና ብላ ግን ማንንም አታይም። ሌሎች ሕፃናት የሚፈልጉትን በጣታቸው ሲያመለክቱ እርሷ አታመለክትም። አንድ ቃል ትናገርና ቃሉ ጠፍቶ ይቀራል። ቤት ውስጥ ከሰው ሁሉ መካከል ሆና ብቻዋን ነበረች። ሦስት ዓመት በሚሆናት ጊዜ ወላጆቿ የሁኔታውን ስም ሰሙ።

ስሙን መስማት ግን እፎይታ አላመጣላቸውም፤ በዚያን ጊዜ ከስሙ ጋር ክስ ይመጣ ነበርና። ብዙ ባለሙያዎች ልጁ በራሱ ውስጥ የተሸሸገው ወላጆቹ፣ በተለይም እናቱ፣ ከልብ ስላልወደዱት ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። እንደነዚህ ያሉትን እናቶች «የማቀዝቀዣ እናቶች» የሚሉበት ዘመን ነበር። በ1967 ብሩኖ ቤተልሃይም የተባለው ታዋቂ ሰው «ባዶው ምሽግ» የተሰኘ መጽሐፍ አውጥቶ ይህንኑ ሐሳብ በሰፊው አሠራጨ። በርናርድ ሪምላንድ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ፣ እርሱ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበር፣ ምክንያቱ በተፈጥሮ እንጂ በወላጅ ፍቅር ማነስ አለመሆኑን በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ተከራክሮ ነበር። ይሁን እንጂ ክሱ ብዙ ዓመታት ቆየ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በእኛ አካባቢ እናቲቱን የሚከሳት ጎረቤት ነው፤ እርግማን ነው፣ የቡዳ ዓይን ነው፣ ሰይጣን ነው ይላታል። እዚያ የከሰሳት የተማረው ሰው ነው። ቋንቋቸው ቢለያይም ፍርዳቸው አንድ ነው። ውጤቱም አንድ ነው፤ ልጁ ከመጋረጃ ጀርባ ይቀራል።

በዚያው በ1967 ወይዘሮ ክላራም መጽሐፍ አሳተሙ። ርእሱ «ከበባው» ሲሆን ስለ ልጃቸው የመጀመሪያ 8 ዓመታት ይናገራል። የልጅቱን ስም ለመሸሸግ ኤሊ ብለው ጠሯት። ቤተልሃይም ስለ ምሽግ ሲጽፍ እርሳቸው ስለ ከበባ ጻፉ። የእርሳቸው ከበባ ግን ምሽጉን የሚያፈርስ አልነበረም፤ በር እስኪገኝ ድረስ በፍቅር ሳይሰለቹ ዙሪያውን የመቆየት ከበባ ነው። ይህ መጽሐፍ ለብዙ ወላጆች የመጀመሪያው መጽናኛ ሆነ። ክስን በክርክር ብቻ ሳይሆን በኑሮ መለሱት ማለት ነው።

በእጅ ላይ ያለች እጅ

ወይዘሮ ክላራ ሐኪም አልነበሩም። የሠሩት ሥራ ግን ማናችንም በቤታችን ልንሠራው የምንችል ነው። አንዱን ልንገራችሁ።

ልጅቱ የውሃ ቧንቧ አትከፍትም ነበር። እጇ ስለ ደከመ አልነበረም። የምትፈልገውን ነገር የሌላ ሰው እጅ ይዛ ታስደርግ ነበር እንጂ በራሷ እጅ አታደርግም ነበር። እናቲቱ አልተቆጡም፤ «ክፈቺ» ብለው አልጮኹም። እጃቸውን በልጅቱ እጅ ላይ አድርገው ቧንቧውን አብረው ከፈቱ። በሌላ ጊዜ ጫናውን ጥቂት ቀነስ አደረጉ። ደግሞም ቀነሱ። እንዲህ እያለ የእናት እጅ እየቀለለ ሲሄድ የልጅቱ እጅ ሥራውን ተረከበ።

በፕሮጀክት ሥራ ያላችሁ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ። ገበሬውን ሳናስተምር ፓምፑን ተክለን ብንሄድ ፓምፑ ከዓመት በኋላ ዝጎ ይቀራል። ሁሉን ነገር እኛው ብንሠራለትም ገበሬው እጁን አጣጥፎ ያየናል። እጃችንን በእጁ ላይ አድርገን ጀምረን፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ማንሣት ይገባናል። ለአንድ ልጅ የሚሠራው ለአንድ መንደርም ይሠራል።

ሌላው ነገር፣ ቤተሰቡ ልጅቱ የምትወደውን ነገር አልናቁም። ጄሲካ ለቁጥር ልዩ ፍቅር ነበራት፤ ታበዛለች፣ ታካፍላለች፣ ከአንድና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉትን ቁጥሮች ትፈልጋለች። ፀሐይን፣ ጨረቃንና ደመናን ትከታተላለች፤ ለአየሩ ጠባይ ቁጥር ትሰጠዋለች። ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። ደመና ጨረቃዋን በሸፈነባት ጊዜ ግን አምርራ ታለቅስ ነበር። አባቷ ፕሮፌሰር ፓርክ ይህን እንደ እብደት አላዩትም። እንደ አንድ ሥርዓት አጥንተው ከሌላ ሰው ጋር በ1974 በሳይንስ መጽሔት ጻፉበት። ወገኖቼ፣ የልጁን ነገር አጥንቶ ማወቅና የልጁን ነገር በጫማ መበተን ምን ያህል ይራራቃሉ!

በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ደግሞ የቁጥር ፍቅሯን ለጠባይ ማረሚያ አዋሉት። የጎልፍ ተጫዋቾች የሚይዙት ዓይነት ትንሽ ነጥብ መቁጠሪያ ተሰጣት። ሰላምታ ስትሰጥ፣ አዲስ ሥራ ስትሞክር ነጥብ ትጨምራለች፤ ስትጮኽ ነጥብ ይቀነስባታል። ሒሳቡን የምትይዘው ራሷ ነበረች፤ ያለ አንዳች ማታለልም ትይዘው ነበር።

ቤተሰቡ ይህን ሁሉ ብቻውን እንዳልተሸከመው መናገር ያስፈልጋል። እኅቶቿና ወንድሟ አብረው ደከሙ። ብዙ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች፣ በየጊዜው ከቤተሰቡ ጋር እየኖሩ ጓደኛና ረዳት ሆነዋታል። ወይዘሮ ክላራ በጽሑፋቸው ውስጥ ለእነዚህ ወጣቶች ትልቅ ምስጋና ይሰጣሉ።

ከልጅነት ወደ ሙያ

እስካሁን ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ጄሲካን «እርሷ» እያልሁ እንደ ልጅ ነው የነገርኋችሁ። ከዚህ በኋላ ግን ወይዘሪት ጄሲካ፣ «እርሳቸው» እላለሁ፤ ስለ አንዲት ሠራተኛና ባለሙያ ልናገር ነውና። ይህ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። በየሰፈራችን ጢሙ ሸብቶ ሳለ «ማሙሽ» ተብሎ የሚጠራ ስንት ሰው አለ! ዕኩዮቹ «አቶ» ሲባሉ እርሱ እስኪሞት ድረስ «አንተ» ነው። አእምሮው ልዩ ነው ብለን አክብሮታችንን እንነፍገዋለን። አንቱታ ከኪስ ገንዘብ አያስወጣም፤ ዛሬ ከዚህ ስንወጣ ልንሰጠው የምንችለው እርዳታ ነው።

ወይዘሪት ጄሲካ ካደጉ በኋላ በዊሊያምስ ኮሌጅ የፖስታ ክፍል ተቀጠሩ። ደብዳቤ መለየት፣ በየሣጥኑ ማስገባት፣ ቁጥር ከቁጥር ማገናኘት ነው ሥራው። ስሕተትን ለማይወድ፣ ሥርዓትን ለሚወድ ሰው የተሠራ ሥራ ይመስላል። በዚያ ክፍል ብዙ ዓሥርተ ዓመታት አገለገሉ። አንዳንድ ጊዜ ነገር ሲበላሽባቸው ይጮኹ ነበር፤ ይህም በሥራ ቦታ ችግር ነው። ነገር ግን እርሳቸው ራሳቸውን መግዛት እየተማሩ፣ ባልደረቦቻቸውም እርሳቸውን እያወቁ ሄዱ። መማር የነበረበት አንድ ወገን ብቻ አልነበረም።

መሣልንም ከልጅነታቸው ጀምሮ ይሞክሩ ነበር፤ ግን እየተዉት ይመለሱበት ነበር። ሙያ ሆኖ የጸናው ሥዕላቸው መሸጥ ሲጀምር ነው። በዚህ አንደናገጥ። ገንዘቡን ለልብስና ለጌጥ አልፈለጉትም፤ በባንክ ደብተራቸው ላይ የሚያድገው ቁጥር ደስ ያሰኛቸው ነበር። ቁጥርን በሚወድ ሰው ዘንድ ይህ የሚያስገርም አይደለም። ደግሞም የሠራ ሰው ዋጋውን መቀበሉ ክብር ነው። እኛም ለአካል ጉዳተኞች የምናዘጋጀው ሥራ እውነተኛ ሥራ ሆኖ እውነተኛ ዋጋ እንዲከፈልበት ከዚህ እንማራለን፤ የርኅራኄ ግዢ ሠራተኛውን አያቆምም።

ሥዕሎቹ

ሥዕሎቹን በመጽሐፍ ላይ አይቻቸዋለሁ። አስቀድሞ ሁሉ ነገር በእርሳስ በጥንቃቄ ይነደፋል። ከዚያም በአክሪሊክ ቀለም፣ እያንዳንዱ ጡብ፣ እያንዳንዱ መስኮት፣ እያንዳንዱ የመስኮት ክፈፍ የራሱን ቀለም ይቀባል። ቀለሞቹ እርስ በርስ አይቀላቀሉም፤ ጠርዛቸው እንደ ምላጭ የጠራ ነው። ሕንፃው በእውነት ግራጫ ቢሆን በሥዕሉ ላይ ሐምራዊ፣ ብርቱካን፣ የውሃ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ቅርጹ ግን ፈጽሞ አይዛነፍም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሣሏቸው ነገሮች መካከል የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎችና የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ መቆጣጠሪያዎች ይገኛሉ። ማን ነው ማሞቂያ የሚሥለው? እኛ በየቀኑ አጠገቡ አልፈን የማናየውን ነገር እርሳቸው ዐዩት፤ መደዳውን፣ ቁጥሩን፣ የሚበራውን ብርሃን ወደዱት። ከዚያ በኋላ ወደ ሕንፃዎች፣ ወደ ድልድዮችና ወደ አብያተ ክርስቲያናት ተሻገሩ። የቤታቸውን ሥዕል እያዘዙ የሚያሠሩ ሰዎችም መጡ።

ከሕንፃዎቹ በላይ ሰማይ አለ። ብዙ ጊዜ የሌሊት ሰማይ ነው፤ ከዋክብቱም እንዲያው የተረጩ ነጥቦች አይደሉም፤ በትክክለኛ ቦታቸው የተቀመጡ ናቸው። ማርክ ትዌይን የተባለው ደራሲ በሃርትፎርድ ከተማ ይኖርበት የነበረውን ቤት ሲሥሉ ከላዩ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ አደረጉበት። በኒው ዮርክ ከተማ ያለውን የቅዱስ ጳውሎስና የቅዱስ እንድርያስ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያንም ሥለዋል። በርእሱ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ስም ብቻ አይደለም የተጻፈው፤ በሰማዩ ላይ ያለው የመብረቅ ዓይነትና ከነጎድጓድ ደመና እጅግ ከፍ ብሎ ለቅጽበት የሚታየው ብርሃንም ተዘርዝረዋል። የሥዕሎቻቸው ርእስ እንደ ንብረት መዝገብ ነው፤ ያለውን ሁሉ ይቆጥራል፣ አንድም አያስቀርም።

እንግዲህ ልብ እንበል። ደመና ጨረቃን ሸፈነ ብላ ታለቅስ የነበረችው ሕፃን ናት ሰማይን እንዲህ የሣለችው። ያስለቀሳት ነገርና እንጀራ የሆናት ነገር አንድ ነው። ቤተሰቡ ያንን ሰማይ ከእርሷ ለመንጠቅ ታግለው ቢሆን ኖሮ ሥዕሉም ባልኖረ ነበር።

በ2001 ወይዘሮ ክላራ ስለ ልጃቸው ሁለተኛ መጽሐፍ አሳተሙ። በዚህ ጊዜ ጄሲ ብለው በእውነተኛ ስሟ ጻፉ፤ መሸሸግ አላስፈለገም። መቅድሙን የጻፈው ኦሊቨር ሳክስ የተባለው ስመ ጥር የነርቭ ሐኪም ነው። በ2008 ደግሞ በሰሜን አዳምስ ከተማ ያለው ማሳቹሴትስ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ የወይዘሪት ጄሲካን ሥዕሎች የያዘ መጽሐፍ አወጣ። እናታቸው በ2010፣ አባታቸው በ2012 ዐረፉ። «እኔ ስሞት ልጄን ማን ያይልኛል?» የሚለው ጥያቄ የእንደዚህ ያሉ ወላጆች ሁሉ የሌሊት ጥያቄ ነው። ፓርኮች ለዚህ ጥያቄ መልስ ማዘጋጀት የጀመሩት በሞት አልጋ ላይ አይደለም። ሥራ፣ ሙያ፣ ጓደኞችና የሚያውቃቸው ከተማ እየሰጧቸው ሃምሳ ዓመት ሲያዘጋጁ ኖረዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ

ይህን ታሪክ ሰምታችሁ ስትሄዱ አንድ ስሕተት እንዳትሠሩ እፈራለሁ። «ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሁሉ የተደበቀ ሊቅ ነው» ብላችሁ ለአንዲት እናት እንዳትነግሯት። እንዲህ ያለ ልዩ ችሎታ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። ብዙዎቹ ሥዕል አይሥሉም፤ ቁጥር አያበዙም። እናቲቱ ስጦታውን ፈልጋ ፈልጋ ባታገኘው ሁለተኛ ኀዘን ይሆንባታል።

የልጁ ክብር ሥዕሉ እስኪሸጥ ድረስ የሚጠብቅ አይደለም። ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥሯል ብለን የምናምን ከሆነ፣ ይህ እምነታችን የሚፈተነው ምንም በማያመርተው ልጅ ፊት ነው። ወይዘሪት ጄሲካ ቧንቧውን ከፍተው እዚያው ላይ ቢቀሩም ኖሮ የእናታቸው ድካም ከንቱ አይሆንም ነበር።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ልጁን እንቁጠረው። በምዝገባ ጊዜ «ስንት ልጆች አሉ?» ብቻ አንበል፤ ከቤት የማይወጣ፣ የማይናገር ልጅ እንዳለ በዝግታና በአክብሮት እንጠይቅ። ያልተቆጠረ ልጅ ዱቄትም፣ ክትባትም፣ ትምህርት ቤትም አይደርሰውም።

ሁለተኛ፣ «ምን አድርገሽ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከአፋችን እናውጣ። በእርሱ ፈንታ «ምን ይወዳል? ምን ያስፈራዋል? ቀኑ እንዴት ይውላል?» እንበል። እናቲቱ ከሁላችን ይልቅ ልጁን ያጠናች ናት።

ሦስተኛ፣ ልጁ በእጁ ከያዘው እንጀምር። ገመድ ቢሆን ገመድ፣ ድንጋይ ቢሆን ድንጋይ። አንዱን ሥራ በትንንሽ እርምጃ ከፋፍለን፣ እጃችንን በእጁ ላይ አድርገን፣ ቀስ በቀስ እናንሣ።

አራተኛ፣ እናቲቱን እናሳርፋት። የፓርክ ቤተሰብ ወጣት ረዳቶች ነበሩት። በእኛም አጥቢያ ወጣቶች አሉ፤ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ከልጁ ጋር የሚቀመጥ አንድ ሰው ቢገኝ እናቲቱ ገበያ ትወጣለች፣ ትተኛለች፣ ከሴቶች ጋር ቡና ትጠጣለች።

አምስተኛ፣ ልጁን አናስር፤ አናስደበድብ። እንጸልይለት፤ ስንጸልይም እናቲቱን በሕዝብ ፊት አናሸማቅቃት። የሚጥል በሽታ ወይም ሌላ ሕመም ካለበት ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። በአገራችንም መንገድ የጠረጉ ሰዎች እንዳሉ እንወቅ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ሆነው፣ የሚቀበላቸው ትምህርት ቤት ባጡ ጊዜ፣ በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል አቋቋሙ። በ2021 ቢያርፉም፣ ብዙ ወላጆች ልጃቸውን ወደ አደባባይ እንዲያወጡ ድፍረት የሰጧቸው እርሳቸው ናቸው።

በመጨረሻ

ወደ ጀመርሁበት ቤት ልመለስ። ከብዙ ወራት በኋላ ወደዚያች እናት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። «ምን ይወዳል?» አልኋቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝና «ቆርኪ» አሉ። ከአጥቢያችን አንዲት ወጣት እኅት በየቅዳሜው ከልጁ ጋር መቀመጥ ጀመረች። ለብዙ ሳምንታት ራቅ ብላ ቆርኪ ከመደርደር በቀር ምንም አላደረገችም። ከዚያ አንድ ቆርኪ በመዳፏ ይዛ ዘረጋችለት፤ እርሱም ወሰደ። ከዚያ ውሎ አድሮ እርሱ ለእርሷ ዘረጋ።

ልጁ ዛሬም አይናገርም። ሠዓሊም አልሆነም። ነገር ግን የጀሪካን ክዳን በራሱ ከፍቶ ውሃ ይቀዳል፤ ይህንንም የተማረው እጅ በእጅ ላይ በማድረግ ነው። በቅርቡ ሌላ ባልደረባችን ለአዲስ ምዝገባ ወደዚያ ቤት ገብቶ ስንት ልጆች እንዳሏቸው ጠየቃቸው።

«አምስት» አሉት።